ስስ ማኅደር

መልከጸዴቅን ያገኙት ጠዋት፣ ኖርዝጌት ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ በገዛ መኪናው መሪ ፊት እንደተቀመጠ ነው። ሞተሩ አልጠፋም። የዝናብ መጥረጊያው ባለቤቱ መንገድ የሚያይ ይመስል መስታወቱን ወዲያና ወዲህ ይጠርጋል። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፤ የጀመረውን ቃል ሳይጨርስ የቀረ ሰው ይመስላል። ከግራ ጡቱ ዝቅ ብሎ ሹራቡ ላይ የተቃጠለ ጥቁር ክብ አለ። በእግሮቹ መሐል ወለሉ ላይ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ ወድቃለች፤ ባለ አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር፣ በመዳፍ የምትሸፈን።

ሳጅን ኮልማን በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ቀና ሲል ፍርዱን ጨርሶ ነበር።

«ራሱን ነው።»

«በሩን እንኳ ሳትከፍተው?»

«ከደረቱ ተጠግቶ ነው የተተኮሰው። ሽጉጡ በስሙ የተመዘገበ ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«በሩን እንድትከፍተው።»

መርማሪ ሠርካለም ንዋይ ቁጣዋ ቅርብ መሆኑን በፖሊስ ጣቢያው የማያውቅ የለም። በልጅነቷ ከአዲስ አበባ መጥታ ሲያትል ያደገች፣ ብዙ ያነበበች፣ ክርክር የማትሸሽ ሴት ናት። ከቃላት ሁሉ አብልጣ የምትጠላው ይህን «ራሱን» የሚሉትን ነው። ቶሎ ቤቱ መግባት የፈለገ መርማሪ ሁሉ የሚጠለልበት ቃል ነው፤ ተከሳሹ ሞቷልና አይከራከርም።

በሩ ተከፈተ። ስልኩ መሪው አጠገብ ተሰክቶ ይበራል፤ ሟቹ ወደ ኤርፖርት የሚሄድ ተሳፋሪ ጥሪ ተቀብሏል፤ ተሳፋሪው «የት ደረስክ?» እያለ ይጽፍለታል። በጃኬቱ ግራ ኪስ አምስት ጥይት በተርታ የተሰካበት ጠፍጣፋ ጎማ ተገኘ። በቀኙ ኪስ ባዶ የሽጉጥ ማኅደር፤ ማኅደር ከተባለ፣ እንደ ካልሲ የሳሳ ጥቁር ጨርቅ። ከጎን ወንበር ሥር ደግሞ ጥይቶችን ባንድ ጊዜ የሚያጎርስ ክብ ማጉረሻ ወጣ። ሠርካለም ቀዳዳዎቹን ቆጠረች። ስድስት ናቸው።

«ሽጉጧ አምስት ነው የምትጎርሰው» አለች። «ይሄ የሌላ ሰው ነው።»

ኮልማን ከመሪው ሥር ምንጣፉ ላይ ወደወደቀ የእንጨት መስቀል እየጠቆመ ነበር፤ ጥቁር ክር ታስሮበታል። «ይሄስ? ከመስታወቱ ላይ ወድቆ ነው?»

ሠርካለም መስታወቱን አየች፤ መቁጠሪያ ተንጠልጥሎበታል። «የኛ ሾፌር መኪና ውስጥ መስቀል ባይኖር ነው የሚገርመኝ» አለችና ሳትጎነበስ አለፈች። መስቀሉን አሽገው ከሌላው ዕቃ ጋር ወሰዱት።

በማቆሚያው ጥግ ቡና የምትሸጠው ልጅ አንድ ረጅም ሰው ከጎን ወንበር ወርዶ፣ በማታውቀው ቋንቋ እየጮኸ፣ በሩን በኃይል ዘግቶ ሲሮጥ አይታለች። የተኩስ ድምፅ ሰምታ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበረችም። ማዶ ሕንፃ ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ ሲያንኳኳ ነው የሚውለው።

«ሰው ነበር» አለች ሠርካለም ለኮልማን። «ተጣልቶት የሄደ ሰው።»

«ፈልጊው እንግዲህ» አለ ኮልማን። «ካጣሽው ግን እዘጋዋለሁ።»

*

ሌክ ሲቲ ያለው የሟቹ አፓርታማ በለቀስተኛ ተጨናንቋል። እናቲቱ እማማ እጅጋየሁ መሐል ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ልጃቸው ነበር፤ ከአዲስ አበባ ያመጣቸው እሱ ነው። አያለቅሱም። እጃቸው ጭናቸው ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ተመልሶ የነጠላቸውን ጫፍ ይጨብጣል።

«እማማ፣ ሽጉጥ እንዳለው ያውቁ ነበር?»

«ሽጉጥ?» ቀና አሉ። «አንቺ ልጅ፣ መልኬ ዶሮ ለማረድ እንኳ ጎረቤት የሚጠራ ነው።»

«ሰሞኑን አዝኖ ነበር?»

«ፈርቶ ነበር እንጂ። ለካ ከገና በፊት በሽጉጥ አስፈራርተው ዘርፈውታል። ለኔ ግን ትንፍሽ አላለም። እሑድ ዕለት ቤተ ክርስቲያን አንዷ ‹እንኳን እግዚአብሔር አተረፈልሽ› ስትለኝ ነው የሰማሁት። ቀኝ እጁን ከኪሱ አያወጣም ነበር፤ በርዶህ ነው ወይ እለዋለሁ፣ ይስቃል። የፍርሃት መሆኑን ያኔ ገባኝ።» የነጠላቸውን ጫፍ ለቀቁት። «ዕቃውን መቼ ትሰጡኛላችሁ?»

«ምርመራው ሲያልቅ። ስልኩን ነው?»

«ስልክ ምን ያደርግልኛል።»

ሠርካለም ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት፣ ከኋላዋ ከተቀመጡት አንዷ ለጎረቤቷ በሹክሹክታ፣ «ዲፕረሽን ነበረበት አሉ። ራሱን ነው የሚባለው» ስትል ሰማች። ዞረች።

«ማነው ያለው?»

«እ... ሰው ነዋ።»

«ሰው ስም አለው። ስሙን ንገሪኝና ሄጄ ላናግረው። ስም ከሌለው ግን ቤትሽ ሄደሽ አውሪው፤ እናቱ ፊት አይደለም!»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ቀሲስ ፍቅረ ሥላሴ ከጥግ ተነሥተው ሠርካለምን ወደ ደረጃው ይዘዋት ወጡ።

«ቁጣሽ ልክ ነው» አሉ። «ግን እኔም መልስ እፈልጋለሁ። ሰው አውቆ ራሱን ካጠፋ ፍትሐት አይደረግለትም፤ ሥርዓቱን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«የሚፈርደው ታዲያ ማነው ቀሲስ? እግዚአብሔር ነው ወይስ ሳጅን ኮልማን?»

ቄሱ ፊታቸው ጠቆረ፤ ግን አልተቆጡም። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቃል ሲወጣ ሕዝቡ ሁሉ ይሰማዋል። ‹ራሱን› ካለ እጄ ታስሯል። አደጋ ነው፣ ወይም ሰው ነው የገደለው የሚል አምጪልኝ፤ እኔ አድሬ እፈታዋለሁ። እኚህ ሴትዮ ልጃቸው መሞቱን ይችሉታል። ሳይፈታ መቀበሩን ግን አይችሉትም። በርቺ ልጄ።»

*

ሽጉጧ የተገዛችው ኦሮራ ጎዳና ላይ ካለ የጦር መሣሪያ ሱቅ ነው። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሴት ሮንዳ ትባላለች፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ ንግግሯ የማይቸኩል። የመልከጸዴቅን ፎቶ ስታይ ዓይኗን ጨፈነች።

«እዚህ የሚመጣው ብዙው ሰው ጀግና መሆን ይፈልጋል» አለች። «እሱ የፈለገው ወደ ቤቱ መመለስ ነበር። ስለዚህ ረጋ ብለን ነው የመረጥነው።»

ማኅደሮቹን አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ደረደረች። የወገቡን አልፈለገውም፤ ሲነዳ የመቀመጫው ቀበቶ ይጋርደዋል። የቁርጭምጭሚቱን ሞክሮት ነበር፤ «ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ እናወልቃለን፣ ሰው ያይብኛል» ብሎ ተወው። የቀረው የኪሱ ነው። ሮንዳ ወፍራም የቆዳ ማኅደር አንሥታ ለሠርካለም ሰጠቻት።

«ውጪው ሻካራ ነው፤ ሽጉጡን ስትመዢ እሱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ዋናው ግን ይሄ ነው» ብላ በጣቷ ነካችው። «ቃታውን ግጥም አድርጎ ይሸፍናል። ምንም ነገር አይገባም። ይሄን ገዛ። ለመጠባበቂያ ጥይት ክቡ ማጉረሻ ይፈጥናል፣ ግን ኪስ ያሳብጣል። ጠፍጣፋው ጎማ ይዘገያል፣ ግን አይታይም። የማይታየውን መረጠ።»

ሠርካለም የክቡን ማጉረሻ ፎቶ አሳየቻት።

«ይሄ የሱ አይደለም፤ ባለ ስድስት ነው። አብሮት የመጣው ረጅሙ ጓደኛው የገዛው ነው። ብሥራት መሰለኝ ስሙ።»

«የቆዳው ማኅደር ታዲያ የት ሄደ? እኛ ኪሱ ውስጥ ያገኘነው ይሄን ጨርቅ ነው።»

የሮንዳ እጅ ባንኮኒው ላይ ቆመ። «ባለፈው ሳምንት መጥቶ ቀየረው። ‹እናቴ ስታቅፈኝ የቆዳው ይጎረብጣታል፣ ልታውቅብኝ ነው› አለኝ። ይሄኛው ስስ ነው፤ ማንም ቢነካው የተጠቀለለ ዕቃ እንጂ ሽጉጥ አይመስለውም። ግን አፉ ሰፊ ነው፤ ቃታውን አይጠብቅም። ‹እዚያ ኪስ ውስጥ ሌላ ነገር እንዳታስገባ፣ ቁልፍ እንኳ› አልኩት። ‹አላስገባም› ብሎ ማለልኝ።»

«አደገኛ መሆኑን እያወቅሽ ለምን ሸጥሽለት?»

«ስለጠየቀኝ።»

«መድኃኒት ቤት እንኳ የጠየቁትን ሁሉ አይሸጥም!»

«ልክ ነሽ» አለች ሮንዳ ዝቅ ባለ ድምፅ። ይሄ ሠርካለምን ይበልጥ አናደዳት። «ልክ ነሽ» ከሚል ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ?

ልትወጣ ስትል ስልኳ ጠራ። ከሐኪሙ ቢሮ ነው፤ የሟቹ የግራ እጅ መዳፍ ተቃጥሏል አሏት። ተመልሳ ለሮንዳ ነገረቻት።

«እንግዲያው ጥይት የሚጎርሰውን ድብልብል ጨብጦ ነበር» አለች ሮንዳ። «ሪቮልቨር በአፈሙዙ ብቻ አይደለም እሳት የሚተፋው፤ በድብልብሉና በበርሜሉ መሐል ባለው ክፍተትም ይተፋል። ሊተኩስ የፈለገ ሰው እዚያ ላይ አይዝም።»

«ማን ነው የሚይዘው?»

«የሚታገል። ከሌላ እጅ ሊያስለቅቅ የሚጎትት።»

*

ብሥራት የተገኘው ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ፌደራል ዌይ፣ እህቱ ቤት ነው። ሠርካለም በአይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ስትበር የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሁለት ሰው ለአንዲት ሽጉጥ ሲታገል። በሩን ራሱ ከፈተው። ረጅም ነው፤ ፂሙን አልተላጨም።

«እህቴ፣ ግቢ...»

«እህትህ አይደለሁም። ፖሊስ ነኝ። ለምን ሸሸህ?»

«አልሸሸሁም።»

«ስልክህን ዘግተህ፣ ከሥራ ቀርተህ፣ እዚህ ድረስ ለሽርሽር ነው የመጣኸው?» ማጉረሻውን የያዘውን ፌስታል ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ይሄ ያንተ ነው። መኪናው ውስጥ ነበርክ። ጮኸህበታል። ተናገር!»

ብሥራት ማጉረሻውን ሲያይ ተቀመጠ።

«ጠዋት ጠዋት ከቤት ፒክ ያደርገኛል። ኖርዝጌት ይጥለኝና እኔ በባቡር ኤርፖርት ሥራ እገባለሁ። ሶ፣ ያን ቀን ፓርክ አድርጎ ስናወራ፣ ይሄን ከቦርሳዬ አውጥቼ ‹አንተም ግዛ፣ ያ ጎማ አያዋጣህም› አልኩት። እሱ ደግሞ ‹የኔስ ማንም አያውቅብኝ› ብሎ ኪሱን መታ መታ አደረገ። የቆዳውን ሆልስተር በጨርቅ ቀየርኩት አለኝ። ‹እማዬ ትናንት ጃኬቴን አንሥታ ሰቀለችው፣ አላወቀችም› ብሎ ይስቃል።»

«ከዚያስ?»

«ተናደድኩ። ‹የቆዳውን መልስ፣ ይሄ ካልሲ ነው እንጂ ሆልስተር አይደለም፣ ይገድልሃል› አልኩት። ‹እማዬ ካወቀች በድንጋጤ ትሞትብኛለች› አለኝ። እኔ ጮህኩ፣ እሱ ጮኸ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ይሄም ያኔ ይሆናል የወደቀው።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «‹ካልሲህን ታቅፈህ ተቀመጥ› ነው ያልኩት። የመጨረሻው ቃሌ ይሄው ነው።»

«ሽጉጡን ልትቀማው አልታገልክም?»

«ከኪሱ አላወጣውም እኮ! ባቡሩ ቆሞ ነበር፤ ሮጬ ገባሁ።»

«ንጹሕ ከሆንክ ለምን ወዲያው አልመጣህም?»

«ወደማን ልምጣ? ወደ እማማ እጅጋየሁ? ሽጉጥ ቤት ወስጄ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ዓይናቸውን ልይ?»

ሠርካለም ወደ በረንዳው ወጥታ ኮልማን ጋ ደወለች። የባቡር ጣቢያውን የካሜራ ምስል አስቀድሞ አስመጥቶት ነበር። ብሥራት ሲሮጥ ይታያል፤ ባቡሩ ውስጥ ሲገባም ይታያል፤ በሩ ይዘጋል፣ ባቡሩ ይሄዳል። መልከጸዴቅ የኤርፖርቱን ተሳፋሪ የተቀበለው ከዚያ በኋላ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ጣት ነው ስልኩን የነካው። ሟቹን ከ«ራሱን» ያድንልኛል ብላ የያዘችው ማስረጃ ዞሮ ያዳነው ብሥራትን ነው።

«እንግዲህ መኪናው ውስጥ ማን ቀረ?» አለ ኮልማን። ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም፤ ቢኖር ይቀልላት ነበር። «ነገ እዘጋዋለሁ ሠርካለም።»

«ተሳፋሪ ተቀብሎ ነው ራሱን የሚገድለው?»

«እራት ጥዶ የሚገድል አይቻለሁ።»

በመልሱ መንገድ ዝናቡ በረታ። ነገሩን ያጠበበችው እሷ ናት። ገዳይ ስትፈልግ ለእናቲቱ የቀረውን ተስፋ በገዛ እጇ ዘግታ ልትመለስ ነው።

*

በማግሥቱ ጠዋት የማስረጃ ክፍሉ ሠራተኛ አንዲት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ሰጣት። ሽጉጧ ስትመረመር በቃታው ቀለበት ውስጥ ተቀርቅሮ የተገኘ ነው፤ የእንጨት ስባሪ፣ የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል።

«የጥርስ እንጨት ነው» አለ ኮልማን አጠገቧ ቆሞ።

ሠርካለምም መጀመሪያ ያሰበችው መፋቂያ ነው። መፋቂያ ኪሱ ውስጥ የማይዝ የኛ ወንድ ጥቂት ነው። ቀጥሎ ግን የሮንዳ ቃል መጣባት፤ እዚያ ኪስ ውስጥ ሌላ ነገር እንዳታስገባ። ስባሪውን ብርሃን ላይ አዞረችው። ባንድ ጎኑ በእጅ ብዛት የለሰለሰ፣ ጫፉ ተሞርዶ የሾለ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀጭን መስመር የተቀረጸበት ነው። መፋቂያ ላይ ማን ይቀርጻል?

«መስቀሉን አምጡልኝ» አለች።

የወይራ እንጨት ነው፤ በዓመታት መጨበጥ ጠቁሯል። ሦስቱ ክንፎች ደህና ናቸው። ወደ ታች እየቀጠነ የሚወርደው እግሩ ግን ጫፉ የለም፤ ስብራቱ ገና ነጭ ነው። ስባሪውን በመቆንጠጫ አስጠጋችው። ገጠመ።

መቆንጠጫውን አስቀመጠች። ፈረንጁ ጠይቋት ነበር። ጣቱን ቀስሮ «ይሄስ?» ብሏት ነበር። መስቀል የማያውቀው ሰው አይቶ የጠየቀውን፣ እሷ ስለምታውቀው ሳታየው አለፈች። በሰው ሁሉ ላይ የምትቆጣው ሴት ያን ጠዋት የምትቆጣበት ሰው ብታጣ ከራሷ ጋር ቀረች።

ባዶ ሽጉጥና በመስቀሉ ፋንታ የመጻፊያ እርሳስ አስመጥታ ለኮልማን አሳየችው። የመስቀሉ እግር በጨርቁ አፍ ገብቶ በቃታው ቀለበት ውስጥ አልፏል። መልከጸዴቅ ከኪሱ የወጣ ክር ያያል፤ ይስበዋል። መስቀሉ ሲወጣ ሽጉጧ ተጠልፋ አብራው ትወጣለች፣ አፈሙዟ ወደ ደረቱ። በግራ እጁ ድብልብሉን ይጨብጣል፣ በቀኙ መስቀሉን ሊያላቅቅ ይጎትታል፤ የመስቀሉ እግር ቃታውን ይስባል።

«የታገለው ከዚህ ጋር ነው» አለች።

ኮልማን እርሳሱን ደጋግሞ ጎተተው። ባዶዋ ሽጉጥ ቀጭ አለች። «ይሆናል» አለ። «ግን እኔም ልንገርሽ። መስቀሉን ጨብጦ ራሱን የሚገድል ሰው ብዙ ነው። መስቀሉ የሱ ከሆነ፣ ኪሱ ውስጥ መኖሩን ካወቀ፣ ይሄ ሁሉ የኔን ሐሳብ ነው የሚያጠናክረው። ሳያውቅ ያስገባለት ሰው ካለ ግን ስሙን አምጪልኝ። ሐኪሙን ሄጄ የማናግረው እኔ ራሴ ነኝ።»

ሠርካለም ስሙን ታውቀዋለች። *ዕቃውን መቼ ትሰጡኛላችሁ? ስልክ ምን ያደርግልኛል።* ጭን ላይ የሆነ ነገር ፈልጎ የሚያጣውን እጅ በዓይነ ኅሊናዋ አየችው።

ሌክ ሲቲ ደርሳ መኪናዋን ካቆመች በኋላም አልወረደችም። ሌላ መንገድ ፈለገች። ብሥራት ጋ ብትደውልና «እኔ ነኝ ያስገባሁት በል» ብትለው፣ ቃሏን ሳትጨርስ እሺ ይላታል፤ እንዲያውም ያመሰግናታል። ቀሲስ ይፈቱታል፣ እናቲቱ ሳያውቁ ይኖራሉ። እጇ ስልኩ ላይ ነበር። ግን ለርኅራኄ ሲባል የተፈጠረ ውሸት፣ ለመገላገል ከተፈጠረው «ራሱን» በምን ይሻላል? ሁለቱም ሟቹን ሳይጠይቁ በስሙ የሚጻፉ ናቸው። ስልኩን ወርውራ ወረደች።

*

ለቀስተኞቹን አስወጣች። እማማ እጅጋየሁ ፊት በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«እማማ፣ የእንጨት መስቀል ነበረዎት?»

የአሮጊቷ ፊት ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። «አገኛችሁት? ከልጄ ጋር ነበር? አየሽ፣ ብቻውን አልነበረም!»

«ሰጥተውት ነው?»

«ብሰጠው መቼ ይቀበለኛል! ‹አንቺው ያዢው እማዬ፣ እጅሽ ለምዶታል› ነው የሚለኝ። ሰርቄ ነው ያኖርኩለት። የዝርፊያውን ነገር በሰማሁ ማግሥት፣ ያን ዕለት ጠዋት፣ እሱ ፊቱን ሲታጠብ፣ ጃኬቱ ተሰቅሎ። እጁን ሁልጊዜ የሚሰደው ቀኝ ኪሱ ውስጥ ነው፤ እዚያ ባደርገው ሲፈራ እጁ ያገኘዋል አልኩ።»

ሠርካለም በርጩማዋን ጠጋ አደረገች። «ኪሱ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር?»

«በጨርቅ የተጠቀለለ ከበድ ያለ ነገር ነበር፤ የመኪናው ዕቃ መሰለኝ። መስቀሉ እንዳይወድቅ በጨርቁ አፍ ሸጎጥኩለት። ክሩን ብቻ ወደ ውጭ ተውኩ፤ ሲያየው ስቦ...»

ክሩን ለማሳየት የዘረጉት እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

እማማ እጅጋየሁ የሠርካለምን ፊት አዩ፤ ቀስ ብለው፣ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው። ሠርካለም ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች።

«ጨርቁ ውስጥ የነበረው ምንድን ነው?»

«እማማ...»

«ሽጉጡ ነው» አሉ ራሳቸው።

ሠርካለም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እናቲቱ አልጮኹም፣ ደረታቸውን አልደቁም። ሁለት እጃቸውን ወደ ፊታቸው አቅርበው መዳፋቸውን እያገላበጡ አዩት።

«ራሱን አልገደለም» አለች ሠርካለም። «ክርዎን አይቶ ነው የሳበው። መስቀልዎን ሊያወጣ ነው።»

«ቀሲስ ይህን ቢሰሙ ይፈቱታል?»

«ይፈቱታል። ግን ቃልዎን መጻፍ አለብኝ። ዛሬ ካልቻሉ...»

«ጻፊ።»

«ይረፉ እማማ፣ ከሰዓት ልመለስ...»

«ጻፊ አልኩሽ! እናቱ ናት የገደለችው ብለሽ ጻፊ። ልጄ ይፈታ።»

«ይህን አልጽፍም!» ሠርካለም ከመቀመጫዋ ተነሥታ ነበር፤ እንደምትጮህ አላወቀችም። «‹እናቱ ሳይነግሩት ኪሱ ውስጥ መስቀል አኖሩለት› ብዬ ነው የምጽፈው። የሆነው ይሄ ነው። ከሆነው አንድ ቃል አልጨምርም፤ እርስዎም ቢለምኑኝ አልጨምርም!»

እማማ እጅጋየሁ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱ። «ይበቃዋል?»

«ይበቃዋል።»

«እንግዲያው ተቀመጪና ጻፊ፣ ልጄ።»

*

ኮልማን ቃሉን ጠበቀ። ሐኪሙ አደጋ ነው ብሎ ወሰነ።

የቀብሩ ዕለት ሠርካለም የራሷን ሽጉጥ ጣቢያው ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ፣ ጫማዋን ከሌሎቹ ጫማ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ በራፍ ላይ ትታ ገባች። ቀሲስ ፍቅረ ሥላሴ ፍትሐቱን ሲያደርሱ አልቸኮሉም። ያቺ ስትንሾካሾክ የነበረች ሴት ከሁሉ አብልጣ ታለቅሳለች። ሠርካለም ልትቆጣት ፈለገችና ተወችው።

ሳጥኑ ሳይዘጋ ወደ እማማ እጅጋየሁ ቀረበች። ምርመራው ስለተዘጋ ዕቃው ተለቅቋል። መስቀሉንና ስባሪውን በየፌስታላቸው ሰጠቻቸው። አሮጊቷ መስቀሉን አውጥተው በአውራ ጣታቸው ስብራቱን ዳሰሱ፤ ተሳለሙትና በልጃቸው ደረት ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ አብሮት ይሂድ» አሉ።

ስባሪዋን ግን አልሰጡም። በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው፣ ሁለት ጊዜ ቋጠሯት።

ብሥራት እስከዚያች ደቂቃ ከበሩ አልራቀም ነበር። አሁን አንገቱን ደፍቶ መጣና ፊታቸው ቆመ። እማማ እጅጋየሁ ቀና ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የጃኬቱን ቀኝ ኪስ ከውጭ ዳበሱት። አልበቃቸውም፤ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱና እስከ ጥጉ ፈተሹት። ግራውንም እንዲሁ።

ሁለቱም ባዶ ነበሩ። ያኔ ነው አንገቱን ስበው ያቀፉት።